የፎቅ ሠፈር መሐላ

ባለፈው ክፍል ገነትን የተለየናት አባቷ ደጃፍ ላይ ነበር፤ በአንድ እጇ ሻንጣ፣ በሌላው የተጠቀለለ ንድፍ ይዛ። አንዳንድ አንባቢዎች «ልጅ ለወላጅ ይታዘዛል፤ ምን አጣደፋት?» ብለዋል። እኔም እጠይቃለሁ። ሰው የሚኖርበትን ቤት በሎደር ለመናድ ለሚጣደፍ አባት መታዘዝ ከመቼ ወዲህ ነው ጨዋነት የሆነው? አባቷ አቶ ሀይሉ ወልድያ ላይ ማደያም ሆቴልም አላቸው። አልበቃቸውም። መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ባለ መስታወት ሆቴል አማራቸው። መስታወቱ ሊቆም የታሰበበት ቦታ ላይ ግን ፎቅ ሠፈር ቆሟል።

ፎቅ ሠፈር አራት ሕንፃ ነው። ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ፣ መንገድ በሚዘረጋበት ዘመን፣ ለመንገድ ሠራተኞች ቤተሰብ የታነጸ። ጣራው ጠፍጣፋ ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ይወጣል፤ በረንዳው ከዳር እስከ ዳር የሁሉም ነው እንጂ የማንም አይደለም። ፊቱ ላይ የተደረደረው ቀዳዳ ብሎኬት ፀሐዩን አስቀርቶ ነፋሱን ያስገባል። የሐብሩን ቆላ ሙቀት የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማው ግን «አርጅቷል» ብሎ በቀይ ቀለም ኤክስ አስቀባበት። ሕንፃው አላረጀም። ሰው የሚኖርበትን ነገር እንደ ባዶ መሬት ማየት ነው ያረጀ በሽታ።

ገነት አርክቴክት ናት፤ ወልድያ ላይ ታስተምራለች። የያዘችው ንድፍ ሕንፃዎቹን አያፈርስም፤ ይለውጣል። ምድር ቤቱ ጋራዥ፣ ልብስ ስፌትና ሱቅ፤ ላዩ መኖሪያ፤ ጠፍጣፋው ጣራ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ። ንድፉን ለመሥራት መጀመሪያ የመጣች ቀን የሜትሩን ጫፍ የያዘላት ሦስተኛው ሕንፃ ሥር መኪና የሚጠግነው መካኒክ ነበር። ወንዳወቅ ይባላል፤ እዚያው ሠፈር ተወልዶ ያደገ። ግድግዳው ተለክቶ አለቀ፤ እሱ ግን የሜትሩን ጫፍ አልለቀቀም፤ እሷም ልቀቅ አላለችውም።

እንግዲህ ሎደሩ ከሐራ በኩል ተጎትቶ ግቢው መካከል የቆመ ዕለት ቅሬው ተሰበሰበ። ቅሬ የሠፈሩ የቀብር ማኅበር ነው፤ የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ሬሳ በእኩል ትከሻ የሚያነሳ። ከቅሬ የወጣ ሰው በሕይወት እያለ እንደሞተ ይቆጠራል፤ የሚሰጠው እሳት፣ የሚቀዳለት ውሃ የለም።

ገነት ለመናገር ስትነሳ አንዲት ሴት ከኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «የሀይሉ ልጅ እኮ ናት» አለች። «አባቷ በሎደር፣ እሷ በእርሳስ። ሁለቱም ያው ቤታችንን ነው የሚጎነትሉት።»

ሰው ሳቀ። ገነት አልሳቀችም። ንዴት ሲይዛት ድምፅዋ እንደ አባቷ ነው።

«እርሳሴን ተዉት። ሎደሩን እንማማልበት። ኦፕሬተር ቢከዳው እንኳ አባቴ ከእናንተው መሐል ገንዘብ የቸገረው ሰው ፈልጎ ነው የሚያስነዳው። ከዚህ ሠፈር ሎደሩን የነካ፣ ያስነሳ፣ የነዳ፣ በምንም ምክንያት ይሁን፣ ከቅሬው ይውጣ። እሳትና ውሃ ይከልከል። የእሱም የቤተሰቡም ሬሳ አይነሳ።»

ከቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት ሼህ ጀብሪል መቁጠሪያቸውን እጃቸው ውስጥ ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ መሐላ እንደ ቤት ነው። በር ካልተውሽለት ውስጡ ያለው ይታፈናል። ‹ጭንቅ ካልመጣ በቀር› በይበት።»

«ሼህ፣ አንቱ አባቴን አያውቁትም። ጭንቁን ራሱ ነው የሚፈጥረው። በር ከተውንለት በዚያው በር ይገባል።»

እውነቷን ነበር። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አለሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀድመውም ማሉ። ሌላው ተከተለ፤ ክርስቲያኑ በመስቀሉ፣ እስላሙ በቁርአኑ። ወንዳወቅ ምሰሶ ተደግፎ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆይቶ መጨረሻ ላይ መጣ። ዓይኑ ከዓይኗ አልተነሳም። «የሼሁን ቃል ጨምሪበት» ይል ነበር ዓይኑ። እሷ «አላምንሽም» የሚል መሰላት፤ አገጯንም ወደ ላይ አነሳችበት። እሱም ማለ።

የዚያን ዕለት ገነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው የተቆጠረች መሰላት። ያቺው ያሾፈችባት ሴት መጥታ ትከሻዋን ሳመቻት። ደስ አላት፤ ግን የወንዳወቅ ዓይን እንደ እሾህ ደስታዋ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ።

*

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ከሰሜን ወረደ። ከቆቦ፣ ከአላማጣ፣ ከየገጠሩ ሕዝብ ፍራሹን ተሸክሞ መጣ፤ ልጁን በትከሻው፣ አሮጊት እናቱን በጋሪ። መርሳ ላይ ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ሞሉ። ያን ጊዜ «ሊፈርስ ይገባዋል» የተባለው ፎቅ ሠፈር ሕዝቡን ተቀበለ። ተቆልፈው የኖሩ ክፍሎች ተከፈቱ፤ መጋዘን ቤት ሆነ፤ ሁለት ጠባብ ክፍል በአንድ በር ተገናኝቶ አንድ ቤተሰብ አደረ። የግራና ገበሬዎች ማሽላ አመጡ። የገነት ንድፍ ከወረቀት ወርዶ በመዶሻ ተጀመረ። ቀዩን ኤክስ የቀቡት የት ነበሩ? ደሴ።

ስልክ ተቋርጧል። ወንዳወቅ መልእክቱን በሹፌሮች እጅ ገነት ለማስተማር ወደተመለሰችበት ወልድያ ይልክላት ነበር። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ዛሬ የምድር ቤቱን መጋዘን ከፈትን። እማ ‹መስኮት ይውጣለት፣ ገነት ብርሃን ትወዳለች› አለች። እኔም እንደዚያ ልል ነበር፤ ቀደመችኝ። ወልድያ አያስተማምንም ይላሉ። ነይ።»

በማግስቱ ሲኖትራክ ላይ ተሳፍራ መጣች። እትዬ ውባንቺ፣ የወንዳወቅ እናት፣ መጋዘኑ ውስጥ የስፌት መኪናዋን ተክላ ለተፈናቃይ ልጆች ከመጋረጃ ቁምጣ ትሰፋ ነበር። የሼህ ጀብሪል ልጅ ሳሚራ ክሩን ታቀብላታለች።

«መጣሽልኝ?» አለቻት ውባንቺ፣ መርፌውን ከአፏ ሳታወጣ። «ይኸው መስኮትሽ። ልጄ ግድግዳ ሲሰብር ያየ ሰው ከግድግዳው ጋር የተጣላ ነው የሚመስለው። ላንቺ ነው ግን።»

ገነት የመስኮቱን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ለአንድ ሰው ግድግዳ ሲሰበርለት ምን እንደሚባል ማንም አላስተማራትም።

ደስታው አልቆየም። ከቀትር በኋላ አቶ ሀይሉ ዕቃ በጫነ ፒካፕ ከወልድያ ሸሽተው ደረሱ። ሞተሩን ሳያጠፉ ወንዳወቅን በጣት ጠሩት።

«አንተ ጎማ ለጣፊ፣ ና ወዲህ።»

«ጎማ የሚለጥፈው ጎረቤቴ ተስፋዬ ነው፣ ጋሽ ሀይሉ። እኔ ሞተር ነው የምፈታው።»

«ምላስህ አያልቅም። ስማኝ። ኦፕሬተሩ ጠፍቷል። ዛሬ ሰው የራሱን ነፍስ ነው የሚያየው፤ ማን ፎቅ ይቆጥራል? ሎደሩን አስነሳና የመጀመሪያውን ሕንፃ ጥግ ጣልልኝ። ጥጉን ብቻ። የቀረውን ጦርነቱ ጣለው ይባላል። ልጄን በሽማግሌ፣ በወግ በማዕረግ እሰጥሃለሁ።»

ወንዳወቅ ዝም አለ። በረንዳው ላይ የቆሙት ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ። ገነትም ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማለች።

«ግቢ!» አሏት አባቷ፣ ሲያዩዋት። «ደሴ እንሄዳለን።»

«እኔን ጭነህ የምትሄድበት ቦታ የለም፣ አባዬ። ሰው ሸጠህ የምትሄድበት ካለ ሂድ።»

«ለዚህ ጥቁር ዘይት ብለሽ ነው?»

«ለዚህ ቤት ብዬ ነው። ስለ እሱ ገና አላወቅሁም።»

ፒካፑ አቧራ አንስቶ ሄደ። ወደ ወንዳወቅ ዞረች።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበላቸው?»

«እምቢ። እምቢ ማለት ምላስ ያቃጥላል?»

«ገነት፣ ‹እሰጥሃለሁ› ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ሰው ይህን ቃል ከአባትሽ አፍ እሰማለሁ ብሎ ስንት ጊዜ እንደሚያልም ታውቂያለሽ?»

«ልታፈርስልኝ እያሰብክ ነበር በለኛ።»

«እንደሱ አትበይ።»

«ስታስብ ዓይቼሃለሁ።»

ምጥ የያዛትን አንዲት ተፈናቃይ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዱ ሴቶች ይወጡ ነበር። ገነት የሴትዮዋን ክንድ ያዘችና አብራቸው ሄደች። አልዞረችም። እሱ ከኋላዋ ቆሞ፣ የሚወዳት ሴት ጀርባ ብቻ ሆና ስትርቅ እያየ፣ በራሱ ዝምታ አፈረ።

*

መድፉ የወደቀው በማግስቱ፣ ፀሐይ ሽቅብ ስትል ነው። የማን መድፍ እንደነበር እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። መድፍ ተኳሽ ሁሉ ዒላማዬ ወታደር ነበር ይላል። የስፌት መኪና ወታደር አይደለም። ከመጋረጃ የተሰፋ ቁምጣ ወታደር አይደለም። የተኮሱትም፣ ያስተኮሱትም፣ ከሩቅ ሆነው ያጨበጨቡትም ይህን ያውቁ ነበር።

ሦስተኛው ሕንፃ አልወደቀም። የወደቀው የውጭ ደረጃው ነው፤ ከነመቆሚያዎቹ፣ ከነብረቱ፣ መጋዘኑ በርና አዲሱ መስኮት ላይ። ጎማ ለጣፊው ተስፋዬ ግቢው መካከል ተዘርግቶ ነበር፤ አንድ እግሩ አጠገቡ አልነበረም። ዓይኑ ተከፍቶ የሰማዩን አቧራ ያያል። አንዲት ሴት የተቆረጠ ጣቷን በሌላው እጇ ይዛ «ይኸው፣ ይኸው» እያለች ለሰው ሁሉ ታሳያለች።

መጋዘኑ ውስጥ እትዬ ውባንቺ፣ ሳሚራና የተፈናቃይ ልጆች ነበሩ። ድምፃቸው ከሥር ይሰማል። ወንዳወቅ በደረቱ ተኝቶ በስንጥቁ ጮኸ።

«እማ!»

«አለሁ። ልጆቹም አሉ። ደረቴ ላይ ከብዶኛል። አቧራው ነው ያስቸገረን።»

በዲጂኖ ሞከሩ፤ በእጃቸው ቆፈሩ። የወንዶቹ ጥፍር ተገነጠለ። የደረጃው መቆሚያ ሶሌታ፣ ያ ወፍራም የኮንክሪት ጠፍጣፋ፣ ግን አንድ ቁራጭ ሆኖ ነበር የወረደው፤ የመርሳ ወንድ ሁሉ ቢሰበሰብ የሚያነሳው አልነበረም። ሌላ መድፍ ከግቢው ማዶ ያለው ማሳ ውስጥ ወደቀና መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከሥር የልጅ ጩኸት መጣ። ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን በአንድ ጊዜ ወደ ሎደሩ ሄደ። በአንድ ጊዜም ተመለሰ።

ወንዳወቅ ተነስቶ ወደ ሎደሩ ሄደ። ጋሽ አለሙና ሁለት ወንዶች ያዙት።

«ቃል አለብህ» አሉት ጋሽ አለሙ።

«እናቴ ናት ከሥር።»

«በእጅ እናወጣታለን። ትናንት ሀይሉ ምን እንዳለህ ሁላችንም ሰምተናል፤ አንተም እምቢ አላልክም። ይህ ሞተር አንዴ ከተነሳ ማን ያቆመዋል? ደግሞስ መሐላው? ‹በምንም ምክንያት› ብለን ነው የማልነው። ዘርህ ላይ ነው የሚወርደው።»

«ሼህ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። ሳሚራ ናት እኮ።»

ሼህ ጀብሪል መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ቁርአን ላይ የጫኑትን ቀኝ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። በእንደዚህ ያለ ቀን ሽማግሌ የሚፈራው ሞትን አይደለም፤ ቃልን ነው። እኔ ይህን ለማክበር ሞክሬአለሁ፤ አልቻልኩም። ልጅ ከሥር እየታፈነች የሚከበር ቃል ለማን ነው የተማለው?

ወንዳወቅ ጋሽ አለሙን በቡጢ አፋቸው ላይ መታ። አባቱ ከሞተ ጀምሮ እንደ አባት ያሳደጉትን ሰው። ጥርሳቸው ወጣ፤ ደማቸው ነጩ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። አንዱ በዲጂኖ ትከሻውን መታው፤ አጥንቱ ሲንቋቋ ሁሉም ሰሙ። በአንድ እጁ እየተሳበ ሎደሩ ላይ ወጣ። ቁልፉ የለም፤ ሽቦውን በጥርሱ ልጦ አገናኘው። ሞተሩ አጓራ፤ ሠፈሩም አንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሎደሩን ፈርቶ ሳይሆን እሱን ፈርቶ።

ከዚያ ሰዓት በፊት ወንዳወቅ እንደዚያ ብቻውን ሆኖ አያውቅም።

*

ገነት ጤና ጣቢያው አድራ፣ እዚያው ሆና ፍንዳታውን ሰምታ ነበር። እየሮጠች መጣች፤ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል። የግቢው በር ጋ ስትደርስ ያየችው ይህን ብቻ ነው፦ ሎደሩ አፉን ከፍቶ ሦስተኛውን ሕንፃ ነክሷል። ወንዳወቅ መሪው ላይ ነው።

ፍቅር ያምናል ይላሉ። ውሸት ነው። ፍቅር ከጠላት በፊት ይጠረጥራል፤ የሚያጣው ነገር ይበልጣልና።

ከመሬት ቀዳዳ ብሎኬት ስባሪ አነሳችና ወረወረች። ቅንድቡን ከፈለው። ደሙ ዓይኑን ሞላው፤ በክንዱ ጠርጎ ቀጠለ። ሌላ አነሳች፤ ደረቱን አገኘችው።

«ሸጥከኝ» ትለዋለች። «ትናንት ዝም ያልከው ለዚህ ነው። ሸጥከኝ።»

ሰው ሊይዛት ሮጠ፤ ቀደመቻቸው። ሄዳ ከሎደሩ አፍ ሥር፣ ስባሪው ላይ ተኛች። እጆቿን ዘርግታ ተኛች። ሶሌታው በትንሹ ተነስቶ ነበር። ወደ ፊት ካለ ይደፈጥጣታል። ወንዳወቅ ብረቱን ቀስ አድርጎ መልሶ አወረደው፤ ሞተሩን አብርዶ ዘለለ፤ በኮሌታዋ ይዞ ጎትቶ ጣላት። ክርኗ ከድንጋይ ተላተመ። ልትነክሰው ስትል አንገቷን በአንድ እጁ ይዞ አፉን ጆሮዋ ላይ አደረገ።

«እማ ከሥር ናት።»

አልጮኸም። የተናገረው እንደ ድሮው፣ በረንዳው ላይ ሲያወራት በነበረው ድምፅ ነው። ገነት ጆሮዋን ወደ ስባሪው አዘነበለች። እሱ ግን ተመልሶ ወጥቷል።

ሁለተኛው ጊዜ ሶሌታው ተነሳ። ሼህ ጀብሪል የመጀመሪያው ሆነው በሥሩ በደረታቸው ገቡ። ልጆቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ በአቧራ ነጥተው፣ ሲያስሉ፣ አንዱ የስፌት መኪናውን እጀታ እንደያዘ። ሳሚራ ወጣች። በመጨረሻ ውባንቺን በአንሶላ አወጧት። ገና ትሞቃለች።

ሳሚራ የአባቷን ክንድ ጨብጣለች።

«ታወራን ነበር» አለች። «ሰው ሲጣላ ሰማን፣ ልጆቹ አለቀሱ። ሞተሩ ሲነሳ ‹ልጄ ነው፣ አብሽሩ› አለችን። ከደረቷ ላይ ቀለል ሲላት ‹አልሃምዱሊላህ በይ› አለችኝ፤ ክርስቲያን ሆና። ከዚያ ተመልሶ ወረደባት። ከዚያ አልመለሰችልኝም።»

ገነት ሰማች። ወንዳወቅም ሰማ። ሁለቱም «ተመልሶ ወረደባት» የተባለው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ።

ወንዳወቅ ገነትን አላያትም። የእናቱን ዓይን በመዳፉ ከደነ። ተነስቶ ወደ ሎደሩ ተመለሰና ሥሩ ገብቶ የሞተር ዘይቱን መክደኛ ፈታ፤ ጥቁሩ ዘይት መሬት ላይ ተንዶቀዶቀ። ከዚያ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ነዳጅ ሰጥቶ ለቀቀው። ሎደሩ ያለ ዘይት ጮኸ፤ ጭስ ተፋ፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ እንደሚታረድ ከብት አጓራ፤ በመጨረሻም ተጣብቆ ቀጥ አለ። ለአቶ ሀይሉ የተሰጠው መልስ ይህ ነበር። አንድ ቀን ዘግይቶ ነው የመጣው፤ እሱም ያንን ያውቃል። ጭሱ ውስጥ ቆሞ፣ የሚመታው ሌላ ነገር ፈልጎ አጣ።

*

በማግስቱ ማለዳ ቅሬው ተስፋዬን አነሳ። ውባንቺን አላነሳም።

ሬሳዋ በረንዳው ላይ፣ ተገንዞ፣ ቃሬዛ ላይ ነበር። ከወልድያ በኩል ተኩሱ እየቀረበ ነው፤ ሰው ዕቃውን አስሮ ወደ ውርጌሳ መንገድ እያየ ነው። ጋሽ አለሙ አፋቸው አብጦ፣ ከወንዳወቅ ራቅ ብለው ቆሙ።

«ስለመታኸኝ አይደለም፣ ልጄ። ልጆቹን አውጥተሃል፤ እግዜር ይስጥህ። ውባንቺ እህቴ ነበረች። ግን ዛሬ አንድ መሐላ ከፈታን ነገ ሀይሉ በስንት በር ይገባል?»

«ሎደሩ ሞቷል፣ ጋሼ» አለ ወንዳወቅ።

«መሐላው በነካው ሰው ላይ ነው፤ በብረቱ ላይ አይደለም።»

ወንዳወቅ አልተከራከረም። የተሰበረ ትከሻውን በነጠላ አስሮ ጎንበስ አለና የቃሬዛውን ራስጌ በአንድ እጁ አነሳ። እግርጌው መሬት ላይ ቀረ። ቆመ። ራስጌውን ይዞ ቆመ። የሚያነሳለት የለም። በረንዳው ሙሉ ሰው እያለቀሰ ያየዋል። ከዚህ የባሰ ጭካኔ በዚያ ክረምት አልተሠራም ብዬ እጽፋለሁ፤ መድፉንም ጨምሬ። መድፍ የሚገድለውን አያውቀውም። እነዚህ ያውቋታል።

ገነት ከምሰሶው ጀርባ መጣች። ክርኗ በጨርቅ ታስሯል።

«ያስማልኳችሁ እኔ ነኝ» አለች። «ሼህ በር ተዪለት አሉኝ፣ እምቢ አልኩ። የዘጋሁት በር ላይ ነው የሞተችው። ሎደሩም ሲያነሳላት እኔ ነኝ ያስወረድኩባት። መሐላው ሰው ከፈለገ እኔን ይውሰድ።»

ሼህ ጀብሪል ቀና አሉ።

«መሐላ መሬት አይጣልም» አሉ፣ ቀስ ብለው። «የሚሸከመው ከተገኘ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አባቶቻችን እንደዚያ ያደርጉ ነበር። ግን ልጄ፣ የምትይውን እወቂ። እሳትና ውሃ የሚሰጥሽ የለም። ይህ ሠፈር ውስጥ አታድሪም፤ ንድፍሽንም አትሠሪበትም። ሬሳሽን የሚያነሳ አይኖርም። የሚያገባሽም አብሮሽ ይወጣል።»

የመጨረሻውን ሲሉ ወንዳወቅን አላዩም። ሌላው ሰው ሁሉ አየው።

ገነት ሕንፃውን ተመለከተች። ደረጃው ተገንጥሎ ብረቱ ወጥቷል፤ ግድግዳው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የተከፈቱት ክፍሎች በር ላይ የሰው ልብስ ተሰጥቷል። ሕይወቷን የሰጠችው ለዚህ ነበር። ከዚያ የቃሬዛውን እግርጌ አየች።

«ተሸክሜአለሁ» አለች።

ጋሽ አለሙ አንገታቸውን ደፉ። የመጀመሪያው ሆነው የቃሬዛውን እግርጌ ያዙ። ሼህ ጀብሪል በቀኝ ገቡ። ውባንቺ ከፍ አለች። ወንዳወቅ የዚያን ጊዜ ብቻ ወደ ገነት ዞረ። ዓይኑ ውስጥ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻለችም፤ ጥላቻ ቢሆን እንኳ ባየችው ደስ ባላት ነበር።

*

ቅሬው ፊት ፊት ሄደ፤ እሷ ከኋላ፣ ብቻዋን፣ እንደ ተባረረ ሰው ርቀቷን ጠብቃ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጋ ስትደርስ ቆመች። መንገዱ ማዶ፣ ግንብ ሥር። ቄሱ ፍትሐቱን ያቻኩሉታል፤ መትረየስ እየተንጣጣ ቃላቸውን ይቆራርጠዋል። አፈር ሲወርድ ሰማች። ወደ ደሴ የሚሸሽ ሰው በአጠገቧ እያለፈ «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ገቡ እኮ» ይላታል።

ሰዉ ከቅጽሩ ወጣ። እንደ ወጉ ሐዘንተኛው መሐል ነው፤ ግራ ቀኙን ቅሬው ይዞት። ወንዳወቅ መንገዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ክንዱን ከያዙት እጆች አውጥቶ ተሻገረ።

«ወንዳወቅ» አሉ ጋሽ አለሙ ከኋላው። «ና ልጄ። ሐዘንተኛ መሐል ነው የሚቀመጠው። ከእሷ ጋር ከቆምክ አብረሃት ወጣህ ማለት ነው።»

አልዞረም። መጥቶ ፊቷ ቆመ። ቅንድቡ ላይ የሷ ድንጋይ የከፈለው ቁስል ገና አልደረቀም።

«ይቅር በለኝ አልልህም» አለች። «አይበቃም።»

«እኔም ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም። ዛሬ ውስጤ የለም። ነገም ላይኖር ይችላል።»

«እሺ።»

«ድንጋዩን አይደለም። ድንጋዩን እረሳዋለሁ። ስትተኚ የወረደባትን ግን…» አልጨረሰም።

«አውቃለሁ።»

«ትናንት አንቺን ልመታሽ ፈልጌ ነበር። ሎደሩን የገደልኩት አንቺን ላለመምታት ነው።»

«ታዲያ ለምን ተሻገርክ? ሂድ። እናትህን በወጉ ተቀመጥላት። ለዚያ ብዬ ነው እኮ የተሸከምኩት።»

ዝም አለ። እንደዚያ ዕለት ሳይሆን፣ ቃሉን ፈልጎ እንደሚያገኘው ሰው ዝም አለ።

«አንቺ እዚህ ማዶ ቆመሽ፣ እኔ እዚያ መሐል ተቀምጬ፣ እማን ላለቅስላት ሞከርኩ» አለ። «አልመጣልኝም።»

ግንቡን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከማዶ ቅሬው ትንሽ ጠበቀው፤ ተኩሱ ሲበረታ እያንገራገረ ተበተነ። ሳሚራ ብቻ ቆማ ቀረች፤ አባቷ በክንዷ ይዘው ወሰዷት፤ እየሄደችም ዞራ ዞራ ታያቸዋለች።

ገነት አጠገቡ ተቀመጠች። እጇን ልትዘረጋለት አልደፈረችም። መጀመሪያ ድምፅ ሳያሰማ፣ ትከሻው ብቻ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ ከሆዱ፣ እንደ ልጅ። የወልድያ መንገድ በጭስ ተሸፈነ፤ የሚሸሸው ሰው እየዘለላቸው ሮጠ። ወንዳወቅ ደህናውን ጎኑን ወደ እሷ አዘነበለ፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ክብደቱን ሁሉ ጣለባት፤ በታሰረው ክርኗ ላይ።

አመማት። አልተነቃነቀችም።